የቁራጭ ሳጥን

ደንበኛዋ አዲስ ጨርቅ ያለበስኩላት አረንጓዴ ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተንፈላሰሰችበት፤ «እጅሽን ይባርከው» አለችኝ። ስትነሳ ቀሚሷ ከኋላ ረጥቧል። በእጇ ዳሰስ አደረገችው፣ እጇን አሸተተች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወድጄ በገባሁ። እኔም ባሌም ደንበኛዋም አንድ ላይ ዞረን ያፈጠጥነው ቁራጭ ላይ ነበር።

ቁራጭ ውሻ ነው፣ ውሻ ከተባለ። ዝርያው አድጎም ከድመት አይበልጥም አሉ፤ ያኔ ደግሞ ገና ቡችላ ስለነበረ በአንድ መዳፍ ይያዛል። ቤት የለወጠች ደንበኛ «ለጥቂት ጊዜ ያዙልኝ» ብላ ትታው ሄዳ ቀረች። በመጣበት ቀን የጨርቅ ቁርጥራጭ የምጥልበት ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ተኛ፣ አባቴም «ቁራጭ» አለው፣ በዚያው ቀረ። የሶፋዋ ባለቤት በመጣችበት ዕለት ጠዋት አባቴና ውሻው በመስኮቱ በኩል ባለው በዚሁ አረንጓዴ ሶፋ ላይ ሲያንጎላጁ ነበር። ደንበኛዋ ስትገባ አባቴ ውሻውን አንስቶ ወደ ወንበሩ ዞር አለላት።

«ውሻ ነው እንግዲህ» አለ አባቴ ማንንም ሳያይ። ቁራጭን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

ደንበኛዋን በስንት ይቅርታና ልመና ሸኘኋት። ባሌ አናጺ ነው፤ የሶፋዎቹን እንጨት እሱ ይሰራል፣ ስፖንጁንና ጨርቁን እኔ። የፊት ለፊቱ ክፍል ሱቃችን፣ የኋላው ቤታችን ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ግን አንዴ ከተናገረ ቃሉን በመጋዝም አትቆርጪውም።

ያኔ አንድ ሆቴል ብዙ ሶፋ አዝዞን ነበር። «የሆቴሉ ሶፋዎች ተሰርተው እስኪወጡ እታገሳለሁ» አለኝ። «እስከዚያ አንድ ሶፋ ረጥቦ ባገኝ ግን ውሻው ያጎቴ ልጅ ጋ ይሄዳል።»

ያጎቱ ልጅ የእንጨት መጋዘን አለው። መጋዘኑን የሚጠብቁት ውሾች ጥጃ ያክላሉ። ቁራጭ እነሱ ዘንድ ቢሄድ ለቁርስ እንኳ አይበቃም።

ነገሩ የውሻ ብቻ ቢሆን እኔም «ይሂድ» ባልኩ። እኔ ውሻ ወዳድ አይደለሁም፤ ቀኑን ሙሉ ክር ስለቅም የምውል ሰው ጠጉር ለቀማ ሊጨመርብኝ አልፈልግም። ነገሩ የአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ሞተችብን፣ እኛ ዘንድ መጣ። ከዚያ በኋላ ስራው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ማየትና ሾፌሮቹን መሳደብ ሆነ። ቆይቶ ስድቡም ቀረ፤ ያኔ ነው የፈራሁት። ጠዋት መነሳት አስጠላው፣ ጢሙ አደገ፣ ማዕድ ላይ ስናናግረው «እህ» ብቻ ሆነ መልሱ። ቁራጭ ከመጣ በኋላ ግን ማልዶ ይነሳል፣ ይላጫል፣ ከውሻው ጋር የማያወራው ነገር የለም። አንድ ቀን ከልቡ ሲስቅ ሰምቼ ደንግጬ መርፌውን ጣቴ ላይ ሰካሁት። ስለዚህ ቁራጭ ከሄደ ማን አብሮት እንደሚሄድ አውቅ ነበር።

እኔን ደግሞ እልህ ከያዘኝ ያዘኝ ነው። ይሄ ውሻ ጨዋ ይሆናል አልኩ፤ ባይፈልግም ይሆናል።

የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት። ጠና ያለች፣ ሳቅ የማትወድ ሴት ናት።

«ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም» አለችኝ። «ሳጥን አሰሪለት። ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ብቻ ይሁን። እስር ቤት እንዳይመስለው ምግቡን እዚያው ስጪው፣ መጀመሪያ በሩን ክፍት አድርጊለት፣ ሲለምድ ትዘጊዋለሽ፤ ግን ብዙ እንዳታቆዪው፣ ፊኛው ገና ትንሽ ናት። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ፣ ወዲያው ወደሚሸናበት ቦታ ውሰጂው። እዚያ ሲያደርግ አሞግሺው። ሌላ ቦታ ካደረገ ጠርገሽ ዝም ነው። መምታት የለም።»

«መጮህስ?»

«መጮህም የለም።»

ይሄኛው ከበደኝ። ክትባቱን እስኪጨርስ ወደ ደጅ እንዳላወጣው፣ ለጊዜው ቤት ውስጥ ዝርግ ሳፋ ላይ እንዳስለምደው ነግራኝ ተለያየን።

ሳጥኑን ባሌ ሰራው። ጠባብ ይሁን ብዬው ነበር፣ እሱ ግን «እኔ ሰው የሚታዘበኝ ዕቃ አልሰራም» ብሎ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ፣ የፍርግርግ በር ያለው፣ እኔ ራሴ ተጠቅልዬ የምተኛበት የሚያክል ነገር አምጥቶ ቆለለልኝ። ቁራጭ ገባ፣ በአንዱ ጥግ ተኛ፣ በሌላው ጥግ ሸና። መኝታ ቤትና ሽንት ቤት ተሰርቶለት ምን ያድርግ? ባሌ እያጉረመረመ መሃሉን በጣውላ ከፈለው። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ውስጥ አንድም ቀን አልሸናም።

ቀጥሎ ያለው ጥፋት ግን የእኔ የሙያዬ ነው። ሶፋ ሰሪ ባልሆን እንዲህ ያለ ጅልነት አልሰራም ነበር። ሳፋው ላይ ምን ላንጥፍ ብዬ ሳስብ፣ ሱቁ ሙሉ የስፖንጅና የጨርቅ ትርፍራፊ ነው፤ በየቀኑ ይከማቻል፣ የሚወስደው የለም። በዚያ ላይ እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ የሚጠጣ ምን አለ? ስፖንጁን አነጠፍኩ፣ ላዩን በጨርቅ አለበስኩት። ቁራጭ በሚገርም ፍጥነት ለመደ። እዚያ በሸና ቁጥር እኔ አሞግሰዋለሁ፣ አባቴ ያጨበጭባል። ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ለሆቴሉ ቆርጬ ወለሉ ላይ የደረደርኩት ስፖንጅ ላይ ሸና። ለማልበስ መሬት ያወረድኩት ትራስ ላይ ሸና። እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ሻይ ላፈላ ብል መቀመጫዬ ላይ የማስቀምጣትን መከዳ ጎትቶ አውርዶ እሷም ላይ ሸና። ደሜ ፈላ። «አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ!» ልል አፌን ስከፍት ሐኪሟ ትዝ አለችኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። ቁራጭ ግን አልሸሸም። ጭራውን እየቆላ ፊቴ ቆሞ ሽቅብ ያየኛል። የሆነ ነገር ይጠብቃል።

ምስጋናውን ነበር የሚጠብቀው። ያኔ ነው ያወቅሁት። ልጁ ያስተማርኩትን አንድም ሳያጓድል እየሰራ ነው፤ ስፖንጅ ላይ ሽና ተባለ፣ ስፖንጅ ባገኘበት ሸና። እንደዚህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ኖሮኝም አያውቅ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ መሬት ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ትርፍራፊውን በሙሉ ጠርጌ ጣልኩ። ወለሉን በኮምጣጤ አጠብኩ፤ ሱቁ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። መሬት የነበረ ስፖንጅ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ባሌ ከጓሮ ሳር ከነአፈሩ ገምሶ ሳፋው ላይ አስቀመጠልኝ። እንደገና ከሀ ጀመርን። ክትባቱ ሲያልቅ ከሳፋው ሳር ወደ ጓሮው ሳር አሳደግሁት፤ ጓሮ፣ ከደጁ ሽንት ቤት አጠገብ ያለችው ቦታ የእሱ ሆነች።

አባቴ «እኔ ላውጣው» ይል ነበር። «አንተ ታሞላቅቀዋለህ አባዬ» ብዬ ከለከልኩት። እልሁ የእኔ ነው፣ ስራውም የእኔ መሆን አለበት። ስፌት አጋምሼ መኪናውን አቁሜ እወጣለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ለውሻው ይዤ እኔ እየበሰበስኩ «ሽና፣ የኔ ጌታ፣ ሽና» እያልኩ ስለምን ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ። አባቴ የጓሮው በር ላይ ቆሞ «ፌርማታ ደረሰ?» ይለኛል። የውሻውን መውጫ ሰዓት ፌርማታ ነበር የሚለው። አንዳንዴ ከእኛ ጋር መውጣት የፈለገ ይመስላል፣ እኔ ግን ዓይኔ ውሻው ላይ ስለነበረ ልብ አላልኩም።

ቁራጭ ተለወጠ። መውጣት ሲፈልግ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። ሲደክመው ማንም ሳያዘው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። የሳጥኑ መዝጊያ ስለላላብን በሲባጎ እያሰርኩ ነበር የምዘጋው፣ ያውም በእኛ ሙያ የስፕሪንግ ማሰሪያ ቋጠሮ፤ ሙያውን የማያውቅ ሰው በመቀስ ካልሆነ አይፈታውም። ባሌ እንኳ ሰው የሌለ ሲመስለው «ጎበዝ» ሲለው ሰምቼዋለሁ።

የሆቴሉ ሶፋዎች አለቁ። ከፍ ከፍ ያሉ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ የለበሱ፣ በሙያዬ የኮራሁባቸው ናቸው። በማግስቱ መኪና መጥቶ ሊወስዳቸው ነው። ከምሳ በኋላ ቁራጭን ጓሮ አውጥቼ፣ አሸንቼ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ቋጠርኩና ክር ልገዛ ወጣሁ። ስወጣ አባቴ መስኮቱ ጋ ካለው የሆቴሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ልሰናበተው» አለኝ እየሳቀ። ባሌ ጓሮ እንጨት ይልጋል።

ስመለስ ባሌ ሱቁ መሃል ቆሟል። በአንድ እጁ መስኮቱ ጋ ያለውን የሶፋ መቀመጫ ትራስ ከፊት ጫፉ ብድግ አድርጓል፣ በሌላው ስልኩን ይዟል።

«ነይ ንኪው» አለኝ።

ነካሁት። ከስር ረጥቧል።

«ቃሌን ሰጥቼሽ ነበር። ያጎቴን ልጅ ልደውልለት ነው።»

«አይሆንም!» አልኩ። ሽንጤን ገትሬ ልከራከር ወደ ሳጥኑ ዞርኩ። ቋጠሮዬ እንዳሰርኩት አለ። ቁራጭ ከፍርግርጉ ኋላ እንቅልፉን ጨርሶ ያዛጋል፣ ስሩ ደረቅ ነው። አሁን አገኘሁህ አልኩ በሆዴ፤ «ቋጠሮውን አታይም እንዴ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ግን ትራሱ ዓይኔን ያዘው። ዚፑ ወደ ፊት ሆኗል። እኔ ዚፕ ወደ ፊት አድርጌ አላውቅም። የከፋዩም ጠጉር የተኛው ወደ ተቃራኒው ነው። ትራሱን ሰው ገልብጦታል፤ የረጠበው ወደ ታች እንዲሆን፣ ሰው በእጁ ገልብጦታል። ደግሞስ ቁራጭ ዘሎ ይሄን ሶፋ መች ይደርስበታል?

ቀና ስል አባቴን አየሁት። የክፍሉ በር ላይ መቃኑን ይዞ ቆሟል። ጠዋት ግራጫ ሱሪ ነበር የለበሰው፤ አሁን የለበሰው ለክብር ቀን የሚያስቀምጠውን፣ የተተኮሰውን የስራ ዘመን ሱሪውን ነው። በአዘቦት ቀን። የሚያየው እኔን አልነበረም፣ ሳጥኑን ነበር። አፉ ከፈት ብሏል።

ክው አልኩ። አረንጓዴው ሶፋ መጣብኝ። «ውሻ ነው እንግዲህ» ያለው መጣብኝ። በሩ ላይ እየቆመ «ፌርማታ ደረሰ?» ያለኝ ሁሉ መጣብኝ። ዕድሜውን ሙሉ አምኖት የሚሳፈረውን አንድ አውቶቡስ ሰው ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ ስንት ቀን ብቻውን እንዲህ ሲሳቀቅ ኖሯል?

ቁራጭን ለማዳን አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። ቋጠሮውን እየው ማለት ብቻ። ግን ባሌ ቋጠሮውን ካየ በኋላ ቀጥሎ የሚያየው የአባቴን በር ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያረጠብኩት። ጠዋት የጠመኔውን ምልክት ላጠፋ ውሃ ደፋሁበት። እንዳታይብኝ ገለበጥኩት። ከዚያ ረሳሁት።»

ባሌ ትክ ብሎ አየኝ። ከተጋባን ጀምሮ ጥፋቴን አምኜለት አላውቅም፤ ግድግዳ ቢወድቅብኝ ግድግዳውን ነው የምወቅሰው። ትራሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሳጥኑን አየ፣ ሲባጎውን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ወደ ትራሱ ተመለሰ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ውሃ ነው» አለ። «ስፖንጁን አውጪው፣ እኔ አዲስ እቆርጣለሁ።»

ያን ቀን እንደወደድኩት ባሌን ወድጄው አላውቅም። ከሰዓቱን አብረን ሰራን፤ እሱ ቆረጠ፣ እኔ ከተረፈችኝ ከፋይ አለበስኩ። በማግስቱ ሶፋዎቹ ደርቀው አምረው ወጡ።

መኪናው እንደሄደ አባቴን ክፍሉ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ አልተላጨም።

«አባዬ፣ ሶፋ ተከምሮብኛል፣ ውሻውን አልቻልኩትም» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ የምታወጣው። እንደነቃ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋደም ከማለቱ በፊት። መጣ አልመጣ ብለህ አትጠብቀው፣ ሰዓቱ ከደረሰ መውጣት ነው። ብቻውን ደግሞ አይሆንለትም፣ እዚያው ከጎኑ መቆየት አለብህ።»

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የጓሮው ሽንት ቤት ከሳሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«መስመሩን እኔ ልይዝ ነው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ነህ የምትይዘው።»

አባቴ በስራ ዘመኑ ሰዓት አዛንፎ አያውቅም፣ አሁንም አላዛነፈም። ሰዓቱ ሲደርስ «ተነስ ቁራጭ፣ ፌርማታ!» ይላል፣ ተከታትለው ይወጣሉ። ውሻው ሳሩ ላይ፣ እሱ ወደ ሽንት ቤቱ። ቀድሞ የጨረሰ ሌላውን ይጠብቃል። ሱቅ ውስጥ የረጠበ ነገር ጠፋ። አባቴ እንደገና መላጨት ጀመረ፤ እንደገና መስኮቱ ጋ ተቀምጦ የአውቶቡስ ሾፌሮቹን ሲሳደብ ስሰማ ስድቡ ዘፈን ሆነልኝ።

አንድ ጠዋት ጓሮ ጨርቅ ሳሰጣ እነሱም ወጡ። ቁራጭ ሳሩን እያሸተተ ቦታ ሲመርጥ አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«የዚያች ሴትዮ ቀሚስ» አለኝ። «እሱ አልነበረም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«የሆቴሉም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

የሰጣሁትን ጨርቅ ጫፍ ይዞ አስተካከለልኝ። «ልናገር ነበር» አለ። «ያን ቀን በሩ ላይ። ሲወስዱት ዝም ብዬ ላይ አልነበረም። አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቀደምሽኝ።»

እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። ያን ሁሉ ጊዜ ውርደቱን ከእኛ ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ መዳፍ ለሚያክል ውሻ ሲል አማቹ ፊት ሊያወጣው ነበር።

«ሐኪም ሊያይህ ይገባል፤ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። አንቺ ግን አብረሽኝ ከመጣሽ ሐኪሞቹ ላይ ትጮሂያለሽ።»

«መጮህ የለም ተብያለሁ» አልኩት።

ሳቀ፣ ያንን ጣቴን ያስወጋኝን ሳቅ። ቁራጭ ሳሩ ላይ ጉዳዩን ጨርሶ ወደ እኛ ዞረና ጭራውን እየቆላ ቆሞ ጠበቀን። «ጎበዝ!» አልነው ሁለታችንም።